ኮረንቲ ሰው ሲይዝ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቆጣሪው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። እኛ የምንኖረው አዳማ ነው፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ልታሰጣ ስትል ማስጫው ሽቦ ላይ ኮረንቲ ያዛት። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነበር፣ እሷም ባዶ እግሯን ነበረች። ባለቤቴ ሮጦ ክንዷን ሲይዛት እሱንም ወርውሮ ጣለው። የአከራያችን ልጅ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ብሬከሩን ሲያወርደው ነው የለቀቃት። ወደቀች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ዝም አለች። አንዱ ውሃ አፍስሱባት ይላል። አንዱ አፈር ውስጥ እንቅበራት ይላል። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ሌላው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። እጁን ሊያሳርፍባት የደፈረ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ከጎረቤት ግቢ አንድ የጤና ተማሪ መጥቶ ደረቷን መጫን ጀመረ። ትንሽ ቆይታ ተነፈሰች። ሆስፒታል አድራ ወጣች፣ አሁን ደህና ናት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ማድረግ ነበረብን? ባለቤቴስ ምንም አልሆንኩም ብሎ ሳይታይ ቀርቷል፣ ልስጋ?

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጎረቤትሽ ተረፈች። እንኳን ባለቤትሽም ተረፈ።

ከባለቤትሽ ልጀምር፣ እሱ ገና ስላልታየ። ብዙ ሰው የሚፈራው «ከሳምንት በኋላ ልቡ ድንገት ቢቆምስ?» የሚለውን ነው። የቤት ኮረንቲ ልብን የሚያቆመው በአብዛኛው በያዘበት ቅጽበት ነው። ያን ዕለት ራሱን ካልሳተ፣ ደረቱን ካላመመው፣ ልቡም እየዘለለ ካላስቸገረው ለዚያ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትከሻው ነው። ኮረንቲ ጡንቻን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያኮማትር የክንድ አጥንት ከመጋጠሚያው ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ይህ ውልቃት ለዓይን ብዙም አያስታውቅም። ራጅ ከፊት በኩል ብቻ ከተነሳም ሊታለፍ ይችላል። ክርኑን ከጎኑ አስጠግቶ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሲወድቅ ጭንቅላቱን መትቶ ከሆነና ራስ ምታቱ ከባሰበትም እንደዚሁ። ባይሆንም እግረ መንገዱን ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ቢያደርግ ጥሩ ነው። አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በግቢያችሁ የሆነው ነገር እኔ በድንገተኛ ክፍል ከቤተሰብ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ነው። መቸኮል በማይገባው ሰዓት ተቸኮለ። መቸኮል በሚገባው ሰዓት ደግሞ ቆሞ ታየ። ባለቤትሽ የሮጠው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ግቢው በሙሉ የቆመው በሁለተኛው ነው። አልወቅሳችሁም። ሰው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው እጁ ቀድሞ ይሄዳል። ሰው ወድቆ ዝም ሲል ያየ ደግሞ እጁ ይታሰራል። ተፈጥሮ ነው። ግን ሁለቱም መገልበጥ አለባቸው።

አማርኛችን «ኮረንቲ ያዘው» ይላል። የሚይዘው ግን የሰውየው የራሱ እጅ ነው። የኛ ቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጡንቻ በዚህ ሲመታ መፈታት አይችልም፣ ተኮማትሮ ይቀራል። ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ደግሞ ከሚዘረጋው ይበልጣል። ስለዚህ እጅ ሽቦውን ይጨብጣል፣ ባለቤቱ «ልቀቅ» ቢለውም አይሰማም። ጎረቤትሽ ሽቦውን ያልለቀቀችው ደንግጣ አይደለም። እጇ ስለማይታዘዛት ነው።

መጠኑን በቁጥር ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰውነት የሚያልፈው ኮረንቲ በሚሊ አምፔር ይለካል፣ የአምፔር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ መንዘር ይሰማል። 10 ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ሽቦውን መልቀቅ ያቅተዋል። ወደ 30 ሲጠጋ የደረት ጡንቻ ይታሰርና መተንፈስ ይከብዳል። ወደ 100 ሲደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች፣ ልብ ምቱን ትቶ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። የተንቀጠቀጠ ልብ ደም አይረጭም። እርጥብ ሰውነት ኮረንቲን የሚከላከልበት አቅም ወደ 1,000 ኦም ገደማ ይወርዳል። 220ን ለ1,000 አካፍይው። 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊ አምፔር ይመጣል። እርጥብ እጅ፣ ባዶ እግር፣ ጭቃ፤ ሂሳቡ ይኸው ነው። ያን ቀን ደረቅ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርጋ ቢሆን ምናልባት ነዝሯት ብቻ ያልፍ ነበር። ጫማ ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም። ግን በባዶ እግርና በኮንጎ መሀል ትልቅ ልዩነት አለ።

«ታዲያ ብሬከሩ ራሱ ለምን አልወረደም?» ብለሽ ይሆናል። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ተራው ብሬከር ሰው እንዲጠብቅ አልተሠራም፣ ሽቦ እንዳይቃጠል ነው የተሠራው። 20 አምፔር የሚል ብሬከር 20,000 ሚሊ አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ተቀምጦ ያያል። ሰውን ለመግደል ደግሞ ከላይ እንዳየሽው ጥቂት መቶ ሚሊ አምፔር ቀርቶ ጥቂት አሥሮች እንኳ ሊበቁ ይችላሉ። ብሬከሩ ሥራውን አልበደለም። ሥራው ይህ አልነበረም።

ስለዚህ ኮረንቲ ሰው ሲይዝ የመጀመሪያው ሩጫ ወደ ቆጣሪው ነው። የአከራያችሁ ልጅ ያደረገው ይህንን ነው። ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ በዚያ ግቢ ካሉት ሁሉ ግን በትክክል ያሰበው እሱ ነው። ሰውየውን የያዘው ዕቃ በሶኬት የተሰካ ከሆነና ሶኬቱ ቅርብና ደረቅ ከሆነ መንቀል ይቻላል። የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያን ግን አትመኑ። ስንቱ ቤት ነው በዘፈቀደ የተዘረጋው። ማጥፊያው ፌዙን፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ ሳይሆን ኒውትራሉን፣ የሚመልሰውን የሚቆርጥ ከሆነ አምፖሉ ይጠፋል፣ ገዳዩ ሽቦ ግን እንዳለ ይቆያል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ።

ቆጣሪው ሩቅ ቢሆንስ? ወይም ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ አከራይዋ ቦርሳ ውስጥ ቢሆንስ? ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ያን ጊዜ ደረቅና ኮረንቲ የማያስተላልፍ ነገር ያስፈልጋል። የመጥረጊያ እንጨት፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ደረቅ ጣውላ። እናንተም ደረቅ ነገር ላይ ቁሙ፤ የፕላስቲክ በርጩማ ወይም ወፍራም ደረቅ ሰሌዳ ይሆናል። ከዚያ ሽቦውን ከሰውየው ወይም ሰውየውን ከሽቦው ግፉት። ወንበር ለዚህ ጥሩ ነው፣ በእግሮቹ በኩል ሰውን ገፍቶ ያስለቅቃል። እርጥብ እንጨት አይሆንም፣ በተለይ ከዛፍ የተቆረጠ አረንጓዴ እንጨት። ብረት ፈጽሞ አይሆንም። ዱላው ጫፍ ላይ ብረት እንደሌለው እዩ። ሌላ ምንም ከሌለ ደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ደርባችሁ፣ ገላውን ሳትነኩ ጎትታችሁ መለየት ይቻላል፤ ይህ ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጋቢው ደረቅ መሆኑን ካላወቃችሁ አትሞክሩት።

አንድ ነገር አደራ። ይህ የእንጨትና የወንበር ዘዴ ለቤት ኮረንቲ ብቻ ነው። በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ለሚያልፈው፣ ወደ ትራንስፎርመር ለሚገባው መስመር አይሠራም። ያ 15 ሺህ ቮልት ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው። ለሱ የመጥረጊያ እንጨት ምንም ማለት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ገና አዲስ ሐኪም ሆኜ ሳለ አንድ የቀን ሠራተኛ አመጡልን። ሕንፃ ሥራ ላይ ረጅም ፌሮ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲያቀብል ጫፉ ከመስመሩ ተገናኘ። መዳፉ ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ጠቆር ያለች ቁስል ነበረች። እግሩ ሥር ሌላ ትንሽ። ይናገራል፣ ውሃ ይጠይቃል። እኔ እውነቱን ለመናገር ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዲት ነርስ ሽንቱን በብርጭቆ ይዛ መጥታ አሳየችኝ፤ የጀበና ቡና ይመስላል። ኮረንቲው በአንዱ ቁስል ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሀል ያለውን ጡንቻ አብስሎት ነበር። የተቃጠለው ጡንቻ ወደ ደም ሲፈስ ኩላሊትን ይዘጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የኮረንቲ ቁስልን በስፋቱ ለክቼ አላውቅም። እናንተም አትለኩ። ከከፍተኛ መስመር የተነካ ሰው እየሄደና እያወራ ቢሆንም ሆስፒታል ይሄዳል። ሽንቱ ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ደግሞ በሩጫ።

መስመሩ ተበጥሶ መሬት ላይ ከወደቀ አትቅረቡ። ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ራቁ። ወደ 905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ ንገሩ። «ብልጭታ የለውም፣ ሞቷል» አትበሉ። ኮረንቲው ከወደቀበት ቦታ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል፣ ከዚያ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። ሁለት እግርሽ በሁለት የተለያየ ቦታ ሲያርፉ በመሀላቸው የቮልት ልዩነት ይኖራል። እርምጃው በሰፋ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። በሬና ላም እንዲህ ባለ ቦታ ከሰው ቀድመው የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት የፊትና የኋላ እግራቸው መራራቅ ነው። ቅርቡ ላይ ሳታውቁ ከተገኛችሁ እግራችሁን አንድ ላይ ገጥማችሁ፣ ከመሬት ሳታነሱ እየሸረተታችሁ ውጡ። ሽቦው መኪናችሁ ላይ ከወደቀ መኪናው እሳት ካልያዘ በቀር ውስጡ ቆዩ። ተጎጂው እዚያው ወድቆ እየታያችሁ ቆሞ መጠበቅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሄዶ ሁለተኛ ሬሳ መሆን ግን ለማንም አይጠቅምም።

ወደ ግቢያችሁ እንመለስ። ብሬከሩ ወረደ፣ ጎረቤትሽ ወደቀች። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እሷን መንካት ምንም አያደርግም። የሰው ሰውነት ባትሪ አይደለም፣ ኮረንቲ አጠራቅሞ አያስቀምጥም። ምንጩ ከተቋረጠ አለቀ። ከሽቦው መላቀቋንና ብሬከሩ መውረዱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ያለ ፍርሃት ያዟት። እዚህ ላይ ነው መሮጥ።

በአንዳንዱ ቤት ሰው ሲያዝ «መብራት ሄዷል፣ ችግር የለም» ይባላል። መብራት የሄደው በራሱ ጊዜ ከሆነ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ተጎጂው አጠገብ ተንበርክካችሁ ሳለ ሊመጣ ይችላል። ብሬከሩ በእጅ ይውረድ፣ አንድ ሰውም ማንም እንዳይመልሰው አጠገቡ ይቁም። የጎረቤት ጀነሬተር ካለም እሱን አጥፉ።

አሁን ሁለት ነገር ብቻ እዩ። ስትጠሯትና ትከሻዋን ስትነቀንቋት ትመልሳለች? ትተነፍሳለች? ደረቷን እያያችሁ፣ ጆሮአችሁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታችሁ፣ ከአሥር ሰከንድ ያልበለጠ። የልብ ትርታ ፍለጋ አንገት ስትዳብሱ ጊዜ አታጥፉ፣ እኛም ሐኪሞቹ እንኳ በድንጋጤ ውስጥ የራሳችንን ጣት ትርታ እንቆጥራለን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያታልሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መንዘፍዘፍ ነው። ልብ በድንገት ሲቆም አእምሮ ደም ያጣና ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ ልክ የሚጥል በሽታ ይመስላል። ክብሪት የጫረው ጎረቤታችሁ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለነገሩ ክብሪት ለሚጥል በሽታም አያደርግም። ሁለተኛው ማቃተት ነው። ልቡ የቆመ ሰው አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ አየር የሚስብ፣ የሚያንኮራፋ ሊመስል ይችላል። ያ ትንፋሽ አይደለም። «እየተነፈሰ ነው፣ ተዉት» የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ ሰውየው የሚሞተውም እንዲሁ እየታየ ነው። ካልመለሰችና በወጉ ካልተነፈሰች ደረቷን መጫን ጀምሩ።

አንድ ሰው 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሌላው ይጫን። በጀርባዋ ጠንካራ መሬት ላይ ትተኛ፤ አልጋና ፍራሽ አይሆንም። በጎኗ ተንበርከኩ። የአንድ እጅ መዳፍ ሥሩ፣ ወደ አንጓው ያለው ወፍራም ክፍል፣ በሁለቱ ጡቶች መሀል ካለው አጥንት ላይ ይረፍ። ሌላው እጅ ከላይ ይደረብ። ክርናችሁን አታጥፉ፣ በትከሻችሁ ክብደት ጫኑ። ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ከዚያ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ ከዚያ እንደገና። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በሰከንድ ሁለት ለመሆን ትንሽ የሚቀረው። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ይህ ሥራ ጎረምሳም ቢሆን ያደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ቀለል እያደረገ ይሄዳል። የጎድን አጥንት ቀጭ ሲል ልትሰሙ ትችላላችሁ። አትቁሙ። አጥንት ይጠገናል።

ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው ካለ ከ30 ጭነት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይስጥ። አገጭ ቀና ተደርጎ፣ አፍንጫ ተይዞ፣ አፍ ለአፍ። በኮረንቲ አደጋ ይህ ከሌላው ይልቅ ዋጋ አለው። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ተመትተው ልብ ከተመለሰች በኋላም ቆይተው ሊነቁ ይችላሉና። ያልሠለጠናችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ ጭነቱን አታቋርጡ። ለሕፃናት ጥልቀቱ የደረታቸው ውፍረት ሲሶ ያህል ነው። ለትልቁ ልጅ አንድ እጅ፣ ለጨቅላ ደረቱን በሁለት እጅ አቅፋችሁ በሁለቱ አውራ ጣቶች።

ይህን ደረት የመጫን ዘዴ ያገኙት ሰዎች ታሪክ ከኛው ርዕስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች የመስመር ሠራተኞቻቸው በኮረንቲ እያለቁ ስላስቸገራቸው ለጥናት ገንዘብ ሰጡ። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የመራው ዊሊያም ኩዌንሆቨን ሐኪም አልነበረም። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጋይ ኒከርቦከር የተባለ ወጣት መሐንዲስ አንድ ነገር አስተዋለ። በውሻ ደረት ላይ የልብ ማስነሻውን ከባድ ሰሌዳዎች ሲጫናቸው የውሻው የደም ግፊት ከፍ ይላል። ኮረንቲው ሳይሆን ጭነቱ ነው ይህን ያደረገው። ከሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዓለም አሳወቁ። ልብን ለመጨበጥ ደረት መክፈት አያስፈልግም፣ ሁለት እጅ ይበቃል። ስለዚህ ያ የጤና ተማሪ በግቢያችሁ ጭቃ ላይ ያደረገው ሥራ መጀመሪያ የታሰበው ኮረንቲ ለያዘው ሰው ነበር።

ለምን ትጣደፋለህ ብትይኝ፣ ልቡ የቆመ ሰው አእምሮው ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ደረቱ ካልተጫነ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ፣ አፈር፣ ወተት ሲባባል አራት ደቂቃ ምንም አይደለችም። ታልፋለች።

የተባሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ልያቸው። ውሃ፦ ብሬከሩ ሳይወርድ ከሆነ መግደል ነው፤ ከወረደ በኋላም ጥቅም የለውም። አፈር ውስጥ መቅበር፦ ሐሳቡ መሬት ኮረንቲውን ስባ ታወጣዋለች የሚል ነው። የሚወጣ ነገር ግን የለም። ኮረንቲው አልፎ ሄዷል። አፈሩ ደረቱ እንዳይነሳ ከመጫን በቀር ምንም አይሠራም። ወተት፦ ራሷን የሳተች ሴት መዋጥ አትችልም፣ በአፏ የገባው ወደ ሳንባዋ ይወርዳል። ስትነቃም ሐኪም እስኪያያት ምንም አትስጧት። ይዛ የመጣችው ሴትዮ በቅን ልብ ነው፣ አውቃለሁ፤ ያ ወተት ለሰፈሩ ሰው ሻይ ቢፈላበት ይሻል ነበር። ጠበል መርጨትና ጸሎት የሚፈልግ ሰው ይጸልይ። ደረት የሚጫነውን ሰው ብቻ ከቦታው አያስነሳ።

አምቡላንሱ ቢዘገይስ? በሀገራችን ይህን ጥያቄ መሸሽ አይቻልም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተጎጂውን ወዲያው ባጃጅ ላይ አጥፎ መጫን ነው። ትንፋሽ ላለው ሰው ባጃጅም ይሁን። ትንፋሽ ለሌለው ግን ባጃጅ ውስጥ ደረት መጫን አይቻልም፣ መንገዱ በሙሉ የባከነ ጊዜ ነው። የኔ ምክር እዚያው መሬት ላይ መጫኑን ቀጥሉ ነው። አምቡላንስ እንደማይመጣ እርግጠኛ ከሆናችሁ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበት መኪና ፈልጉ፣ የፒክአፕ ኋላ ለምሳሌ፣ ሁለት ሰው አብሮ ወጥቶ ሳያቋርጥ እየጫነ ይሂድ።

ጎረቤትሽ እንደተነፈሰች በጎኗ ማስተኛት ነበረባችሁ፣ ከአፏ የሚወጣው እንዳያንቃት። ከከፍታ የወደቀ ከሆነ ግን አንገቱን ሳታጥፉ፣ ጭንቅላቱንና ገላውን አንድ ላይ ነው የሚዞረው። የተቃጠለ ቦታ ካለ ንጹህ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት አይቀባም፤ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝና ይህን ስል ከልቤ ነው። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ።

ሆስፒታል መሄድ ያለበት ማን ነው? ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ የተቃጠለ፣ ከወደቀ በኋላ የታመመ፣ እጁ የደነዘዘ። እርጉዝ ሴት ምንም ባይሰማትም ትሂድ፣ የፅንሱ ልብ መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ ገመድ የነከሰ ሕፃንም እንደዚሁ፤ የከንፈሩ ቁስል ድኖ ሲመስል ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ሲነሳ ከባድ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከንፈሩን በሁለት ጣት ጨምቃችሁ ይዛችሁ ነው የምትሮጡት።

ክረምት ስለሆነ ስለ መብረቅ አንድ ቃል። መብረቅ የመታው ሰውም ሰውነቱ ውስጥ ምንም አልቀረም፣ ወዲያው ይነካል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከተመታ የሚያቃስቱትን ለጊዜው ትታችሁ ዝም ወዳሉት ሂዱ። የሚያቃስተው እየተነፈሰ ነው፣ በአብዛኛው ይተርፋል። ዝም ያለው ደረቱ ከተጫነና ትንፋሽ ከተሰጠው የመመለስ ዕድል አለው።

አሁን ስለ ሽቦው። ልብስ ማስጫ ውስጥ ኮረንቲ ከየት መጣ? ሳላየው መገመት እችላለሁ። ከቤት ቤት በጣሪያ ላይ የተጎተተ ገመድ ይኖራል፣ ላስቲኩ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ እየፈተገ ተልጧል። ቆርቆሮው ኮረንቲ ያዘ። የማስጫው ሽቦ ደግሞ አንድ ጫፉ ከቆርቆሮው ሚስማር ላይ ታስሯል። በደረቅ ቀን ማንም አያውቅም። ሲዘንብ ይገድላል። ከዚህ በፊት ግድግዳው «ትንሽ ነዝሮኝ ነበር» ያለ ሰው በግቢው ውስጥ እንደነበር እወራረዳለሁ። ያ ሰው ሲናገር ነበር ኤሌክትሪሺያን መጠራት የነበረበት። የምጣድ ገመድንም አብሮ ያሳዩ፤ ከባድ ኮረንቲ ስለሚስብ ገመዱና ሶኬቱ እየጋሉ ላስቲኩ ይደርቃል፣ እጅ ደግሞ ሊጥ የነካ ነው። ምጣዱ ኧርዝ የሚባለው፣ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ የሌለው ከሆነ ኮረንቲ ሲያመልጥ የምጣዱ ሰውነት ራሱ ሽቦ ይሆናል።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር ጠይቁት፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን። የሄደው ኮረንቲና የተመለሰው እኩል ካልሆኑ በሰው ወይም በግድግዳ በኩል አምልጧል ማለት ነው፤ እሱ ይህን አይቶ በሰከንድ ክፋይ ውስጥ ይቆርጣል። ብሬከሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ በየጊዜው መጫን አትርሱ። አምስት ተከራይ ቢያዋጣ ለእያንዳንዱ ብዙ አይደርስም። አከራያችሁ እምቢ ካሉም ያን ቀን የተፈጠረውን አስታውሷቸው፣ ብሬከሩን ያወረደው የራሳቸው ልጅ ነው።

የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ካለው አንድ መለዋወጫ ሁሉም ተከራይ በሚያውቀው ቦታ ይንጠልጠል። ዋናው ብሬከር የትኛው እንደሆነ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ልጆቹም ይወቁት። ያ የማስጫ ሽቦ እስካሁን እዚያው ካለ ደግሞ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ብሬከሩን አስወርጂ፣ ሽቦውን አስቆርጪና በምትኩ የናይለን ገመድ ዘርጉ።